ንጹሕ ቆጠራ

ጋሪው ሦስተኛውን መታጠፊያ ሲጀምር በስተግራ ያለችው በቅሎ እግሯን ተከለች። ገመዱ ተወጥሮ ሲጢጥ አለ፤ ጭድ ውስጥ የተኛችው የእብነ በረድ ሴትም አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

«ያዛት፣ ያዛት» አለ ነጋዴው፤ ከመቀመጫው ዘሎ ወርዶ ትከሻውን ለጋሪው እየሰጠ።

«የትኛዋን? በቅሎዋን ነው ድንጋይዋን?» አለ ጠራቢው ከላይ፤ ልጓሙን ሳብ አድርጎ። «ሁለቱም እልኸኞች ናቸው። አንዷን ምረጥና እኔ ሌላዋን እለምናለሁ።»

ነጋዴው ሳቀ። ሲስቅ ጉልበቱ ከዳውና ለጥቂት ተንሸራቶ ከመንኮራኩሩ ሥር ሊገባ ነበር። ሁለቱም ከሃምሳ አልፈዋል፤ ጠራቢውማ ወደ ስድሳው ተጠግቷል። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ አሸዋ የሚወቀጥ ይመስላል። አርባ ዓመት ሙሉ የድንጋይ አቧራ የተነፈሰ ሰው ደረት እንዲህ ነው።

ነጋዴውን በከተማዪቱ ያሉ የጥንት ዕቃ ሻጮች «ሰባት ዓይን» ይሉታል። ሁለቱ በግንባሩ ናቸው፤ አምስቱ የቀኝ እጁ ጣቶች ናቸው ይላሉ፤ ድንጋይ ዳብሶ ዕድሜውን ይናገራልና። ይህን ቅጽል ስም ለማግኘት ሃያ ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ሲጠሩትም አይቆጣም። ጠራቢው ደግሞ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ነጋዴው የሚገዛውን ስብርባሪ ሁሉ የሚጠግን፣ አፍንጫ ለሌለው አፍንጫ የሚተክልለት፣ እግር የሌለውን የሚያቆምለት እሱ ነው። በገዛ ስሙ የተሠራና በአደባባይ የቆመ አንድ ቅርጽ ግን የለውም። ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ ላይ የተለጠፈ ነው።

በቅሎዋ ሐሳቧን ቀየረችና ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ነጋዴው እያለከለከ ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለ፤ አቧራውን ከካባው ላይ እያራገፈ። «ዛሬ በቆጠራው የሴትዮዋ እጅ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው። ማን እንደሠራውም እናገራለሁ። የሚገዟት ዳኛ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል ይባላል።»

«ዝም ብለህ እንደ ወጉ ተናገር። ጩኸት አያስፈልግም።»

«ለአዲሱ ፍርድ ቤት ደጃፍ አራት ቅርጽ የሚሠራ ሰው የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ይህን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለ ጠራቢው። ልጓሙን አላላና፣ «ሦስት ዓመት ቢፈጅ ነው። ደረቴ ሦስት ዓመት ይሰጠኛል ብዬ አስባለሁ» አለ። ከዚያም ይህን መናገሩ እንዳሳፈረው ሁሉ በቅሎዎቹን ተሳደበ።

በዚያ ዘመን የጥንት ቅርጽ ሽያጭ በዋጋ ስምምነት አያልቅም ነበር፤ በወረቀትም አያልቅም። የሚያልቀው በቆጠራ ነው። በመረከቢያው ቀን ሻጩ በምስክሮች ፊት ቀኝ መዳፉን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፤ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ እያንዳንዱን አካል በስሙ ይጠራል። ከጥንቱ ሠሪ እጅ የወጣውን «የቀድሞ» ይላል። በኋላ የተጠገነውን «የአሁን» ይልና የጠገነውን ሰው ያነሳል። «የአሁን» ማለት ነውር አይደለም፤ ሺህ ዓመት አፈር ውስጥ የተኛ ነገር ቢጎድልበት ማን ይፈርዳል? ነውሩ መደበቅ ነው። ሆኖም ከእግር እስከ ራስ አንድም «የአሁን» ያልተባለበት ቆጠራ ነበር፤ ይህንንም «ንጹሕ ቆጠራ» ይሉታል። በሰው ትውስታ ውስጥ ሦስት ብቻ ናቸው። የቆጠሩት ሰዎች ሞተው አጥንታቸው ከተበተነ በኋላ እንኳ ነጋዴዎች ሲጫወቱ ስማቸውን እንደ ጦር መሪ ስም ያነሳሉ። ሰባት ዓይን በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ንጹሕ ቆጠራ ገጥሞት አያውቅም።

ይህችም ንጹሕ ልትሆንለት አልነበረም። ከአሮጌ ጉድጓድ የወጣችው ሴት ከእግር ጥፍሯ እስከ ፀጉሯ አንድ ስብራት የላትም፤ የጎደላት ወደ ላይ የተነሳው ቀኝ እጇ ብቻ ነበር፣ ከአንጓዋ ጀምሮ። ሌሎቹ ነጋዴዎች አይተው እንስራ የተሸከመች ናት አሉ። ጠራቢው ግን በግንባሯ ላይ የሁለት ጣት ጫፍ ያህል ሻካራ ጠባሳ አገኘ። እንስራ አልተሸከመችም፤ ፀሐይዋን በእጇ ጋርዳ የሚመጣ ሰው እየጠበቀች ነው አለ። ከዚያም አምስት ወር ሠራ። እጁ አልቆ ሲተከል ሴትዮዋ ወዲያው ማየት የጀመረች መሰለች። ነጋዴው ያን ቀን ከሱቁ ወጥቶ ብቻውን ሲዘዋወር ዋለ።

የቀድሞው የበላይ ዳኛ ቤት ከኮረብታው አናት ላይ ነው። አዳራሹ ሰፊ፣ ወለሉ ጥርብ ድንጋይ፣ መስኮቶቹም ረጃጅም ናቸው። ሴትዮዋን በገመድና በእንጨት ዘንግ አስገብተው፣ ጠራቢው በውሃ ልክ እየለካ ከመቆሚያዋ ላይ ሲያቆማት ረፋዱ አለፈ። ከዚያ ጠራቢው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ቦታው እንደዚያ ነውና። ነጋዴው ወደ ፊት ወጣ።

ዳኛው ነጭ ጢማቸውን በጣታቸው እያበጠሩ ተቀምጠዋል። በስተቀኛቸው ጸሐፊያቸው ቀለምና የማኅተም ሰም ይዞ፣ በስተግራቸው ደግሞ ጡረታ የወጡ ሻለቃ ወፍራም ትምባሆ እያጨሱ።

«ሰባት ዓይን» አሉ ሻለቃው፤ «ከዳኛው ጋር ውርርድ ይዘናል። እኔ ቢያንስ አንድ ጥገና አያጣትም ብያለሁ። ጨርቅ ያለ እራፊ፣ ድንጋይ ያለ ጥገና አይቼ አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ» አሉ ዳኛው፤ «ንጹሕ ናት ብያለሁ። ሱቅህ ገብቼ ያየኋት ቀን ዓይኔን የያዘው ያ እጅ ነው። ለሃያ ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። እንዲህ ያለ እጅ የሚሠራ ሰው ዛሬ የለም፤ ዘሩ ጠፍቷል።»

ነጋዴው ዞር ብሎ ጠራቢውን አየው። ጠራቢው መሬት መሬት ያያል፤ ጆሮው ግን እንደ ልጅ ጆሮ ቀልቶ ነበር። ደስ ብሎታል።

«ጀምር» አሉ ዳኛው።

ነጋዴው ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከእግሯ ላይ አሳረፈ። «ቀኝ እግር፣ የቀድሞ። ግራ እግር፣ የቀድሞ።» ጸሐፊው ብዕሩን አንሸራተተ። «የቀሚሷ ጫፍ፣ የቀድሞ። ጉልበት፣ የቀድሞ።» ድንጋዩ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። ድምፁ ከጣራው ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ እሱ ራሱ ሰማው፤ አምሮበታል። «ወገብ፣ የቀድሞ። ግራ እጅ ከነጣቶቹ፣ የቀድሞ።» እዚህ ላይ ሻለቃው ትምባሆአቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ትከሻ፣ የቀድሞ። አንገት፣ የቀድሞ።» ዳኛው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለዋል። «አፍንጫ፣ የቀድሞ፤ ፀጉር፣ የቀድሞ።»

የቀረው እጁ ብቻ ነበር። በወጉ መሠረት ወደ ላይ የተነሳ እጅ ከራስ በኋላ መጨረሻ ይቆጠራል፤ ይህም እጅ እስከ ግንባሯ የተነሳ ነው። ነጋዴው ክንዱን ዘርግቶ መዳፉን በእብነ በረዱ ጣቶች ላይ አደረገ። ጋሪ ላይ ያዘጋጀው ቃል አፉ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን ያ ሁሉ «የቀድሞ» ከኋላ ይገፋው ነበር። ዳኛው ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩታል፤ ሻለቃው አጎንብሰዋል። ሦስቱ ስሞች ታወሱት፤ አራተኛው ማን ሊሆን እንደሚችልም ታወሰው። ምላስ አጥንት የለውም።

«ቀኝ እጅ» አለ። «የቀድሞ።»

ሻለቃው ጭናቸውን በጥፊ መትተው ሳቁ። ዳኛው ወደ ሴትዮዋ ተጠግተው እጁን ቀና ብለው ያዩት ጀመር። ጸሐፊው በሻማ ሰሙን አቀለጠ። ነጋዴው ቀለበቱን በቀዩ ሰም ላይ ሲጫን ጣቱ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ ይህን ሲያስብ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረው ይህ ነበር። ወደ ግድግዳው አልዞረም። ሊዞር አልቻለም። ጀርባው ግን፣ እዚያ ማን እንደቆመ ያውቅ ነበር።

«አንተ ጠራቢ» አሉ ዳኛው በድንገት። «ና እስቲ ወዲህ። ያለ አንዲት ጭረት አቁመሃታል፤ እጅህ ጥሩ ነው። ለፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሰው እፈልጋለሁ። ከአገር ሰው ካገኘሁ ከባሕር ማዶ አላስመጣም። እስቲ ያን እጅ እየውና እውነቱን ንገረኝ። ይህን የመሰለ መሥራት ትችላለህ?»

አሁን ነጋዴው ዞረ። ጠራቢው እጁን አላየም። ያየው አማቹን ነው፤ በቅሎ አንድ ጊዜ ውሃ እስክትጎነጭ ያህል ብቻ። ነጋዴው ዓይኑን ወደ ቀዩ ማኅተም መለሰ።

«አልችልም ጌታዬ» አለ ጠራቢው። «እኔ ማቆም ነው የማውቀው።»

«ይሁን፤ ደግ ነው፤ ልክህን ማወቅህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» አሉ ዳኛው።

ቁልቁለቱን ጀመሩ። ባዶው ጋሪ እንደ ከበሮ ይንኳኳል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ነጋዴው ወደ ጠራቢው ዞረ።

«ጋሼ…»

«ፍሬኑን ያዝ፤ ቁልቁለት ነው።»

«አንደበቴ ነው። ሳላስበው ነው የወጣው።»

«አንደበትህን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት አብሬው በልቻለሁ» አለ ጠራቢው፤ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ቁጣ ቢኖረው ይሻል ነበር።

«አንተስ ለምን አልችልም አልክ?»

«ምን ልበል? እሱ ውሸቱን ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ፣ ሰም ሳይደርቅ በሰው ፊት ላዋርድህ? እህቴ የምትጠራው በአንተ ስም ነው። ልጆቿም እንደዚያው።» ሳል ያዘው፤ እስኪያልፍ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። «የራሴን ሆድ ይፍጀው። ንዳ።»

ነጋዴው ግን ልጓሙን ሳበ። ጋሪው ሳይቆም ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው። ከኋላው «ብቻህን ማን ያምንሃል? ማኅተም አድርገህበት መጥተህ» የሚል የጠራቢውን ድምፅ ሰማ፤ እርምጃውን አፈጠነ።

አዳራሹ ውስጥ ዳኛውና ሻለቃው አሁንም ከሴትዮዋ ፊት ነበሩ። ነጋዴው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ላቡ አንገቱ ላይ ጠብ እያለ፣ እጁ የአሁን እንደሆነ ተናገረ። የሠራው ጠራቢው እንደሆነ፣ ጠራቢው አልችልም ያለው እሱን ላለማዋረድ እንደሆነም ጨመረ። ሲናገር እንኳ ቃሉ የሐሰት ቃል ይመስል ነበር።

ዳኛው አዳምጠው ጨረሱ። «ጠራቢው ምንህ ነው?»

«የሚስቴ ወንድም ነው ጌታዬ።»

«ተው እንጂ» አሉ፤ ፊታቸው ቀስ እያለ እየጠቆረ። «አሁን ገባኝ። የፍርድ ቤቱን ሥራ ወሬ እዚሁ ሰማህ፣ ደጅ ወጣህ፣ ከዘመድህ ጋር ተማከርክ፣ ተመለስክ። ሺህ ዓመት የኖረን እጅ ለአማችህ ልትሰጠው? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም? ከአንድ ሰዓት በፊት በመዳፍህ መስክረሃል። የቱን ሰባት ዓይን ልመን?»

ነጋዴው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ውሸቱን ወዲያው አምነውት ነበር፤ እውነቱን ግን የሚያምነው የለም። ማረጋገጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ማድረግ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተመልሶ ወጣ። ጋሪው የተወበት ቦታ ቆሟል። ጠራቢው ከጋሪው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

«እጁን ማውለቅ አለብህ» አለ ነጋዴው። ዓይኑን ማንሳት አልሆነለትም። «እለምንሃለሁ ማለት አይገባኝም። ግን እለምንሃለሁ።»

ጠራቢው ተነሣ። ከጋሪው ሥር ትንሿን የከሰል ምድጃና የመሣሪያ ከረጢቱን አወጣ፤ ለሥራ ሲወጣ ሁልጊዜ ይይዛቸዋል። ከሰሉን ከዳኛው ወጥ ቤት አቀጣጠለ። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ በፍም ላይ የጋለ ብረት አንጓው ዙሪያ ሳያስነካ እያዞረ፣ ሙጫውን እስኪለሰልስ አሞቀው። ከቆይታ በኋላ የሙጫ ሽታ መጣ፤ ጠራቢው እጁን ይዞ እንደ በር ቁልፍ በቀስታ አዞረውና አወጣው። ከአንጓው ውስጥ ጣት የሚያህል የነሐስ ዘንግ ወጣ፤ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ። ወርዶ ለዳኛው በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«የአሁን ነው ጌታዬ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እንግዲያው ውርርዱን እኔ በላሁ» አሉ ሻለቃው። ማንም ስላልሳቀ ትምባሆአቸውን መልሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ዳኛው እጁን መስኮቱ ጋ ወስደው አገላበጡት። ጥፍሮቹን አዩ፤ በአውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ትንሽ እጥፋት አዩ። ሲመለሱ ያረጁ መሰሉ። «ወረቀቱን ቅደደው» አሉ ለጸሐፊው። «ሌላ ጻፍ፤ እጁ የአሁን፣ ሠሪውንም ጨምር። ድንጋይዋን እወስዳለሁ፤ እሷ አልበደለችኝም።» ከዚያ ወደ ጠራቢው ዞሩ። «ሥራውን ግን ልሰጥህ አልችልም።»

ነጋዴው «ጌታዬ» አለ፤ ጉልበቱ መሬት ነክቷል። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«የአንተ የአንተ ነው። ከእንግዲህ ደጄን አትረግጥም» አሉ ዳኛው። «የእሱ ደግሞ የእሱ ነው። እውነቱን ንገረኝ ብዬ ጠየቅኩት፤ አልችልም አለኝ። ለዘመዱ ብሎ ነው፤ ይገባኛል፤ እኔም ሰው ነኝ። ነገር ግን የፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቆመውን የሚሠራው ለዘመዱ ብሎ ዳኛ ፊት የሚዋሽ ሰው እንዲሆን አልፈቅድም። ሠላሳ ዓመት የፈረድኩት እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱን ለየራሱ።»

ነጋዴው ጠራቢው እንዲቆጣ፣ እንዲከራከር፣ ቢያንስ ወደ እሱ ዞሮ እንዲረግመው ጠበቀ።

«ልክ ነው ጌታዬ» አለ ጠራቢው። መዳፉን ዘረጋ። «እጁን ይስጡኝ። ሙጫው ሳይቀዘቅዝ ልመልሰው።»

ሲወርዱ ነጋዴው ጋሪው ላይ አልወጣም፤ ጠራቢውም ውጣ አላለውም። በጎን በኩል፣ ከመንኮራኩሩ በሚነሳው አቧራ ውስጥ ሄደ። ኮረብታው ሲያልቅ መንገዱ በጥንት ዕቃ ሻጮች ሰፈር መሐል ያልፋል። ሱቆቹ ክፍት ናቸው፤ ባለሱቆቹ እንደ ልማዳቸው ጥላ ፈልገው ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ከቆጠራ የሚመለስን ሰው ሳይጠይቅ የሚያሳልፍ የለም።

«ሰባት ዓይን» አለ ምንጣፍ ሻጩ ከሩቅ። «ቆጠራው እንዴት ሆነ? ስንት የአሁን ወጣ?»

«ንጹሕ ነው ይላሉ» አለ ከጎኑ ያለው የነሐስ ዕቃ ነጋዴ። «የሻለቃው ፈረስ ጠባቂ ቀድሞ ወርዶ ለመንደሩ አውርቷል። በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዝቅ ብለን ነው የምንሰላምህ።» ሁለት ሦስት ሰዎች በክብር ከወንበራቸው ተነሱ፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

ነጋዴው ቆመ። ፈገግ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ወሬ የሚያወርዱ ሰዎች አይደሉም። አንድ ቀን፣ ምናልባት አንድ ወር እንደ ተሰገደለት ሊኖር ይችል ነበር። ጋሪው ሳይቆም ቀደመው፤ የጠራቢውን ጀርባ አየ፤ ጎብጦ፣ በሳል እየተነቀነቀ።

«አንድ ወጣ» አለ። ድምፁ እንደ አዳራሹ አላማረም። «ቀኝ እጇ የአሁን ነው። የሠራው እሱ ነው፣ የሚስቴ ወንድም። እኔ በምስክር ፊት መዳፌን አሳርፌ የቀድሞ ብዬ ነበር።»

ምንጣፍ ሻጩ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ከዚያ የነጋዴውን ፊት አየና ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ባርኔጣውን ያወለቀው ሰው ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ትንሽ ያዘውና መልሶ ራሱ ላይ ደፋው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ማንም አልተሳደበም።

ነጋዴው ሮጥ ብሎ ጋሪው ላይ ደረሰ። ከመንኮራኩሩ እኩል መራመድ ያዘ፤ ረጅም መንገድ እንዲህ ሄዱ። የቤታቸው መንገድ የሚለይበት ቦታ ሲደርሱ ጠራቢው ልጓሙን ሳበ።

«ሰማሁህ» አለ፤ ወደ ፊት እያየ።

«ጋሼ፣ ሦስቱን ዓመት…»

«ተወው። ሦስቱን ዓመት አትጥራ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ምን ሆነ ብላ ትጠይቃለች። ራስህ ንገራት። እኔ የዛሬውን ተናግሬ ጨርሻለሁ።»

በቅሎዎቹን መታ አደረገና ወደ ራሱ መንገድ ታጠፈ። ነጋዴው ጋሪው ከዓይኑ እስኪሰወር ቆመ። ከዚያ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ፣ ለሚስቱ የሚናገረውን የመጀመሪያ ቃል እየፈለገ፣ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ።